ኦፒቲዬ ሊያልቅ ነው፣ ለወረቀት ላግባ?

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሜሪላንድ ውስጥ በአካውንቲንግ ማስተርስሽን ይዘሻል፣ ኦፒቲሽ (ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ለጊዜው የሚሠራበት ፈቃድ) ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል፣ መሥሪያ ቤትሽ ደግሞ ስፖንሰር አላደርግም ብሎሻል። አሁን የጓደኛሽ ዘመድ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለው፣ «ክፈይኝና ልፈርምልሽ፣ ወረቀትሽ ሲወጣ እንፋታለን» አለሽ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ምን ይመጣብኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አታድርጊው። ሰዎቹ የማይነግሩሽን ልንገርሽ።

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ 204 ሲ የሚባል አንቀጽ አለ። ጋብቻሽ ለወረቀት ብቻ የተደረገ መሆኑ አንዴ ከተረጋገጠብሽ፣ ከዚያ በኋላ ለአንቺ የሚገባ የግሪን ካርድ ፔቲሽን (ማመልከቻ) አይጸድቅም። ቤተሰብ ቢያስገባው፣ ቀጣሪ ቢያስገባው ያው ነው። ይቅርታ የሚጠየቅበት ዌይቨርም የለውም፤ እንዲህ ለመጋባት መስማማት ወይም መሞከር ራሱ ይበቃል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ሆነሽ፣ አንድ ትልቅ ድርጅት ወዶሽ አይ-140 የሚባለውን የቀጣሪ ማመልከቻ ቢያስገባልሽ ውድቅ ነው። የምትወጂውን ሰው አግብተሽ፣ ልጅ ወልደሽ፣ ባልሽ ቢያመለክትልሽም ውድቅ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ወንጀሉ ደግሞ ለብቻው አለ። እስከ 5 ዓመት እስር፣ እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት፣ ለእሱም ለአንቺም። አካውንታንት ነሽ፤ የማጭበርበር ወንጀል ያለበትን ሰው ማን ሒሳቡን ያስይዘዋል?

«ፈርሞ መፋታት» የሚሉትም እንደ ወሬው ቀላል አይደለም። በ1986 ከወጣው ሕግ ወዲህ፣ ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚሰጠው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ሁለታችሁ አብራችሁ እንደገና ታመለክታላችሁ። እስከዚያ ድረስ ሕይወትሽ በዚያ ሰው እጅ ነው። መሀል ላይ «ጨምሪ» ቢልሽ ለማን አቤት ትያለሽ? መርማሪዎቹ ሲጠራጠሩ ባልና ሚስቱን ለየብቻ አስቀምጠው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ትናንት ማታ ምን በላችሁ፣ ከአልጋው በየትኛው በኩል ትተኛለሽ፣ ጠዋት ቀድሞ የተነሳው ማን ነው። ቤት ድረስ የሚመጡበት ጊዜም አለ። መልሱ ይጠናል ይሉሻል። የተሳካለት ሰው ያወራል፣ የተያዘው ግን ዝም ይላል፤ ለዚህ ነው ሁሉም የተሳካለት የሚመስልሽ።

(ከዜጋ ጋር የእውነት ፍቅር ይዞሽ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምመክርሽ። ሕጉ የሚጠይቀው ስትጋቡ አብሮ ለመኖር አስባችሁ ነበር ወይ የሚለውን ነው፣ ግሪን ካርድ ማግኘቱ በራሱ ጥፋት አይደለም።)

አሁን ወደ ሥራው። አራት ወር ብዙ ነው፣ በደንብ ከተጠቀምሽበት። ኤች-1ቢ፣ ማለትም ቀጣሪ ለባለሙያ የሚያስወጣው የሥራ ቪዛ፣ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የመጋቢቱን ሎተሪ፣ ያንን በዓመት የሚሰጠውን 65 ሺህና ለማስተርስ የሚጨመረውን 20 ሺህ ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነሱ ጋር የተያያዙ ሆስፒታሎችና ለትርፍ ያልቆሙ የምርምር ተቋማት ግን ሎተሪው አይመለከታቸውም፤ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላሉ። አንቺ ያለሽበት ከባልቲሞር እስከ ዋሽንግተን ያለው አካባቢ ደግሞ በእነዚህ የተሞላ ነው፣ ሁሉም የፋይናንስ ክፍል አላቸው፣ የግራንት (ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ) ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ማመልከቻሽን እዚያ ላይ አተኩሪ።

አይ-20ሽ (ትምህርት ቤትሽ ለተማሪ ቪዛ የሰጠሽ ወረቀት) ላይ ያለውን የትምህርት ኮድም እዪው። በስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ ትምህርቶች) ዝርዝር ውስጥ ከገባ የኦፒቲ 24 ወር ማራዘሚያ ልታገኚ ትችያለሽ፣ ቀጣሪሽ ግን ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው፣ የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ በሚያጣራው የመንግሥት ሥርዓት ውስጥ መሆን አለበት። ይህን ከትምህርት ቤትሽ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ሳምንቱ ሳያልቅ አጣሪ። ቀጥሎ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ፣ ፎርም የሚሞላልሽን ሰው ማለቴ አይደለም።

ሰውየውን ዛሬውኑ አይሆንም በይው። ገንዘብ አልከፈልሽም፣ ምንም አልፈረምሽም፣ እስካሁን የተበላሸ ነገር የለም። ሲቪሽን ደግሞ ላኪልኝ፣ ለዩኒቨርሲቲ ሥራ እንዲሆን አብረን እናስተካክለዋለን።