«ባለቤቴ አያምንብኝም» ላሉን ባለ ባልትና

«ከአምስት ዓመት ወዲህ ቤቴ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ደግ ሰዎች ስለሆኑ አይለዩኝም፤ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻቸው የሚልኩም አሉ። ባለፈው ክረምት ግን በርበሬው ሻገተብኝ፤ የማልረባ መሆኔን ያኔ አወቅሁ። ባለቤቴ አያምንብኝም። ‹ለመሆኑ ስንት አተረፍሽ?› እያለ ይጠይቀኛል። አንድ ምግብ ቤት በየወሩ እንዳቀርብለት ቢጠይቀኝ አልችልም አልኩ። ትዕዛዝ ሲበዛ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጣለሁ። ባለቤቴን እንዴት ላሳምነው?»

ውድ እህቴ፣ ባለቤትዎ ተናገሩት ብለው የጻፉልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በፌዝ የሚጠይቁ ከሆነ በእርግጥ ያማል፤ አነጋገራቸውን እኔ አልሰማሁም። ነገር ግን የጥያቄውን መልስ በደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ዛላው በስንት እንደሚገዛ፣ ለወፍጮ ቤት ስንት እንደሚከፈል፣ ምን እንደሚተርፍ አልጻፉም። ቅር አይበልዎ፣ ጥያቄው የሚያስከፋዎ እርስዎም መልሱን ስለማያውቁት ይመስለኛል። ለምግብ ቤቱ «አልችልም» ያሉትም ባለቤትዎ አይደሉም።

አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ «ይህን እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚመጣ አስረድተዋል፤ ራስ ሠርቶ ከማሳካት፣ ሌላው ሲሳካለት ከማየት፣ ከሰው ማበረታቻ፣ እንዲሁም ከሰውነትና ከስሜት ሁኔታ። ከሁሉም የሚጠነክረው የመጀመሪያው ነው። እርስዎ የባለቤትዎን ማበረታቻ እየጠበቁ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሠርተው ያሳኩት ግን እቤትዎ አለ።

ታዲያ ያ ሁሉ ሥራ እንዴት መተማመን ሳይሆንዎ ቀረ? ደብዳቤዎን መልሰው ያንብቡት። ደንበኞች የሚመላለሱት «ደግ ስለሆኑ» ነው። በርበሬው የሻገተው ግን እርስዎ «ስለማይረቡ» ነው። የተሳካው ሁሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ የተበላሸው ብቻ በእርስዎ ስም ተጻፈ። በዚህ ዓይነት ሌላ አምስት ዓመት ቢሠሩም ለራስዎ የሚቀር ነገር አይኖርም፤ ባለቤትዎ ቢያሞግሱዎም «ባለቤቴ ስለሆነ ነው» ይላሉ። በደግነት አንድ ጊዜ ይገዛ ይሆናል፤ አምስት ዓመት ግን አይገዛም፣ ባሕር ተሻግሮም ለዘመድ አይላክም። ዛላው በደንብ መድረቁን በእጅ ዳብሶ ማወቅ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር መደለዝ፣ ኮረሪማውንና ነጭ አዝሙዱን ሳያሳርሩ ማመስ እውቀት ነው። ያው ዛላ በሁለት ሴቶች እጅ ሁለት ዓይነት በርበሬ ይሆናል። የሻገተውም ቢሆን በክረምት፣ ፀሐይ በሌለበት ወቅት ነው የሆነው። ያን ዕለት የተማሩት ስለ ማድረቅ እንጂ ስለ ማንነትዎ አልነበረም።

ለጊዜው አንድ ደብተር ቢይዙ እመክራለሁ። ወጪውን ከትራንስፖርትና ከራስዎ ድካም ጋር ይጻፉ፤ ጥሩ የወጣ በርበሬ ሲኖርም እርስዎ ምን እንዳደረጉ ይጨምሩበት። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ብዙ ለውጥ አይጠብቁ። ምግብ ቤቱን ደግሞ ለሙከራ በጥቂት ኪሎ መጀመር ይቻል እንደሆነ ቢጠይቁት አይከፋም። ባለቤትዎ ሲጠይቁ ደብተሩን ያሳዩዋቸው፤ ያኔም ንግግራቸው ንቀት ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ አማካሪ ዘንድ ብትሄዱ ይሻላል። የልብ ምቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ግን በደብዳቤ ልመዝነው አልችልም። አስቀድመው ሐኪም ይዩት፤ ከዚያም በአካል ቀርበው ባለሙያ ያነጋግሩ።