ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራ፣ ደሴ ላይ እምቢ የሚል ኢሜይል

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ባለ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የኢሜይል ሰርቨሩ እዚያው ግቢያችን ነው። ቢሮ ሳለሁ አውትሉክ እንደ ልቤ ይሠራል። ማታ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ቤቴ ስገባ ግን በሞባይል ዳታ አልገናኝም ይላል፤ በብሮውዘር የምከፍተው ዌብሜይል ደግሞ ይከፈታል። ችግሩ ከኔትወርኩ ነው ከላፕቶፑ?

መልስ፦ ከሁለቱም አይመስልም። ዌብሜይሉ ደሴ ድረስ ከመጣልዎ መስመሩም ሰርቨሩም ደህና ናቸው። ዌብሜይል የሚያልፈው በፖርት 443 ነው፤ ፖርት ማለት ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተመደበ ባለ ቁጥር በር ነው። አውትሉክ በአይማፕ (ኢሜይሉን ከሰርቨሩ በሚያነብበት ዘዴ) ከተሞላ ለመቀበል 993፣ ለመላክ 587 ይፈልጋል፤ የግቢያችሁ ኔትወርክ ዘበኛ የሆነው ፋየርዎል እነዚህን ሁለቱን ዘግቷቸው ይሆናል።

አይቲ ክፍል ከመደወልዎ በፊት ግን የአካውንቱን ሴቲንግ ይዩ። በሰርቨር ስም ቦታ እንደ 192.168.1.10 ያለ ቁጥር ከተሞላ ነገሩ አለቀ፤ የግቢ ውስጥ አድራሻ ስለሆነ ከአጥር ውጭ የሚያውቀው የለም። በቁጥሩ ፋንታ ስም ይሙሉ። ያ ስም ቢሮ ውስጥ ወደ ውስጡ አድራሻ፣ ውጭ ወደ ፐብሊክ አድራሻው (ኢንተርኔት ላይ ወደሚታወቀው) እንዲመራ አይቲዎች ዲኤንኤሱን፣ ማለትም ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን አገልግሎት፣ ያስተካክሉልዎ፤ አለዚያ ደሴ ሠርቶ ኮምቦልቻ እምቢ ሊል ይችላል።

ስሙ ደህና ከሆነ ፖርቱን ይፈትሹ፤ በስልክዎ ሆትስፖት ይሁን እንጂ በቢሮ ዋይፋይ አይሁን። ከውስጥ የሚደረግ ፍተሻ በፋየርዎሉ ስለማያልፍ በሩ ለውጭ ተዘግቶም «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ ባለሙያውም የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፓወርሼል (ዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው ቴስት-ኔትኮኔክሽን (Test-NetConnection) የሚለውን ትእዛዝ ከሰርቨሩ ስምና ከፖርት 993 ጋር ይስጡ። ትሩ ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ፓስወርዱንና ሰርቲፊኬቱን ይመርምሩ። ሃያ ሰከንድ ያህል አቆይቶ ፎልስ ካለ፣ ፋየርዎሉ ጥሪውን ዝም ብሎ እየጣለው ነው። ቶሎ ፎልስ ካለ ግን ጥሪው ደርሶ ተመልሷል፦ ወይ ፖርት ፎርዋርዲንጉ (ከውጭ የመጣውን ጥሪ ወደ ውስጥ ማሽን የሚመራው) ወደ ሌላ ማሽን ይመራል፣ ወይ ቢሮ ውስጥ በ143፣ በሌላው የአይማፕ በር፣ ሲሠራ ኖሮ 993 ሰርቨሩ ላይ ጭራሽ አልተነሣም።

ለአይቲው የሚነግሩት ሁለት ነገር ነው፦ ፖርት ፎርዋርዲንግ እና ፋየርዎሉ ጥሪውን እንዲያሳልፍ የሚያዝ የፈቃድ ሕግ። አንዱን ሠርቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

መቀበሉ ተስተካክሎ መላኩ ላይ ለባልደረባዎ የሚላከው ደርሶ ለጂሜይል የሚላከው 550 በሚል የእምቢታ ቁጥር ከተመለሰ፣ ፋየርዎሉን አይውቀሱ። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ በአድራሻዎ ያምንዎታል፤ ከውጭ ሲመጡ ፓስወርድ ይጠይቃል። አውትሉክ ላይ ለላኪው ሰርቨርም ፓስወርድ እንዲሰጥ ምልክት ያድርጉ። በ25 ለመላክ አይሞክሩ፤ እሱ ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት ነው።

ለሒሳብ ሰው ግን እኛ የምንመርጠው ቪፒኤን፣ ማለትም ላፕቶፑን ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር፣ ነው። 993ን ለዓለም መክፈት ሌት ተቀን ፓስወርድ የሚገምት ሮቦት መጥራት ነው። ዋየርጋርድ በሚባለው የቪፒኤን ፕሮግራም አንድ በር፣ ዩዲፒ 51820፣ ይበቃል፤ ያ 192.168.1.10 ያልነው የውስጥ ቁጥርም እንዳለ ይሠራል። ብቻ የቤትዎ ራውተርም በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፕዎ ሰርቨሩን ቤትዎ ውስጥ ይፈልገዋል። የቤቱን ወደ 192.168.50 ይለውጡት።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆቴል ባረፍኩ ቁጥር ኢሜይል ይገባልኛል፣ የምልከው ግን አውትቦክስ ውስጥ ተገትሮ ያድራል። በራሴ ዳታ ይሄዳል።

መልስ፦ የሆቴሉ ዋይፋይ የመላኪያውን በር 587ን ዘግቶ ይሆናል። የእርስዎ ሴቲንግ ጥፋት የለበትም፤ ሆትስፖት ከፍተው ይላኩ፣ ወይም ሰርቨርዎ የሚቀበል ከሆነ ሌላውን የመላኪያ በር 465ን ይሞክሩ።