ቪላን 1 ላይ ሩቱ ማን ነው? የስፓኒንግ ትሪ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዙር የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በቪላን 1 ላይ ነው። ቪላን ማለት በስዊች ላይ ለብቻው የተከፈለ የኔትወርክ ክፍል ነው። አዲስ ስዊች ከካርቶኑ ሲወጣ ሁሉም ፖርቶቹ ያሉት እዚህ ቪላን ውስጥ ነው። ስፓኒንግ ትሪ ደግሞ በስዊቾች መካከል ትርፍ መስመር ሲኖር አንዱን ዘግቶ ትራፊኩ ዙሪያውን እንዳይሽከረከር ያደርጋል። ሩት የምንለው ሌሎቹ ስዊቾች መንገዳቸውን ወደ እሱ የሚያሰሉትን ስዊች ነው። ትዕዛዞቹን በሲስኮ አጠራር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ፈጣን ዋና ስዊቾች አስገባን። በቪላን 1 ላይ ሩት የሆነው ግን ከሁለቱም ጋር የተገናኘ አሮጌ የ100 ሜጋቢት ስዊች ነው። በአዲሶቹ መካከል ያለው የጊጋቢት መስመርም ተዘግቷል። ምን ሆኖ ነው?

ሩት የሚመረጠው በፍጥነት አይደለም። ዝቅተኛ የፕራዮሪቲ ቁጥር ያለው ያሸንፋል። ማንም ካልቀየረው ቁጥሩ 32768 ነው። የቪላኑ ቁጥር ሲደመርበት በቪላን 1 ላይ 32769 ሆኖ ይታያል። ሁሉም እኩል ከሆኑ ዝቅተኛ የማክ አድራሻ (አምራቹ ለመሣሪያው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ያለው ይመረጣል። አምራቾች አድራሻ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ስለሆነ ዕድሉ ለአሮጌው ያደላል።

መስመሩ ለምን እንደተዘጋ እናስላው። ስፓኒንግ ትሪ ለእያንዳንዱ መስመር እንደ ፍጥነቱ ዋጋ ይሰጣል፤ አነስተኛ ዋጋ ያለው መንገድ ይመረጣል። የ100 ሜጋቢት መስመር ዋጋ 19፣ የጊጋቢት ደግሞ 4 ነው። እያንዳንዱ አዲስ ስዊች ወደ ሩቱ በቀጥታ ሲሄድ 19 ይከፍላል። በጎረቤቱ በኩል ቢዞር 4 እና 19፣ ማለትም 23 ይሆንበታል። ስለዚህ ሁለቱም ቀጥታውን ይመርጣሉ። በመካከላቸው ያለው ፈጣን መስመር ትርፍ ይሆንና አንድ ጫፉ ይዘጋል። ከአንዱ አዲስ ስዊች ወደ ሌላው የሚሄደው ሁሉ በአሮጌው በኩል ተጨናንቆ ያልፋል።

መፍትሔው ምርጫውን ለአጋጣሚ አለመተው ነው። በአንደኛው ዋና ስዊች ላይ «ስፓኒንግ-ትሪ ቪላን 1 ፕራዮሪቲ 4096» ይበሉ፤ በሁለተኛው ላይ 8192። ቁጥሩ የ4096 ብዜት መሆን አለበት። ስዊቾቹ መንገዳቸውን እንደገና ስለሚያሰሉ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ያድርጉት። ከዚያ ወደ ታችኛው ስዊቾች በሚወርዱት ፖርቶች ላይ ሩት ጋርድ ያብሩ። ነገ አንድ ሰው የሚሰካው ስዊች ሩትነቱን እንዳይወስድ ይከላከላል። በሁለቱ ዋና ስዊቾች መካከል ግን አያብሩት። ሁለተኛው ከሩቱ የሚመጣውን መልእክት ሲያይ መስመሩን ይዘጋዋል።

ሌላ ምንም ከመነካካትዎ በፊት «ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ቪላን 1» ብለው ሩቱ ማን እንደሆነ ይዩ። በዚህ ጉዳይ ከዚህ የሚቀድም ሥራ የለም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ስናበራ አይፒ አያገኝም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይሠራል።

ፖርቱ ሲነሳ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ደግሞ አድራሻ ይማራል። ትራፊክ የሚያሳልፈው ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው። አይፒ የሚጠየቅበት የዲኤችሲፒ ጥያቄው እስከዚያ ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተርና ፕሪንተር በሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ ፖርትፋስት (ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲያሳልፍ የሚያደርግ) ያብሩ፤ ከቢፒዲዩ ጋርድ ጋር። ቢፒዲዩ ስዊቾች ለስፓኒንግ ትሪ የሚላላኩት መልእክት ነው። አንድ ሰው እዚያ ፖርት ላይ ስዊች ቢሰካ ጋርዱ ወዲያው ይዘጋዋል። ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ቢጠቀሙም ፖርትፋስት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዋናው ስዊች ሲስኮ ነው፤ የየፎቁ ስዊቾች የሌላ አምራች ናቸው። ዋናውን ለቪላን 10 እና 20 ሩት አድርገነዋል። የፎቁ ስዊቾች ግን ሌላ ሩት ነው የሚያሳዩት።

ለቪላን 1 አላደረጋችሁትም፤ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሲስኮ ለእያንዳንዱ ቪላን የየራሱን ስፓኒንግ ትሪ ይሠራል። መደበኛውን ስታንዳርድ የሚከተሉት ስዊቾች ግን ለሁሉም ቪላን አንድ ብቻ አላቸው። ሁለቱ ወገኖች የሚግባቡት በቪላን 1 በኩል ነው። ሲስኮ የቪላን 1ን ቢፒዲዩ በመደበኛው አድራሻ ያለ ታግ (የቪላን ቁጥር ሳይለጠፍበት) ይልካል። የ10 እና የ20 መልእክቶች የሚላኩት በሲስኮ የራሱ መልቲካስት (የብዙ ተቀባዮች) አድራሻ ነው፤ ሌላው ስዊች እንደ ተራ ትራፊክ ያሳልፋቸዋል እንጂ አያነባቸውም።

ስለዚህ በቪላን 1 ላይ አንድም ተጠቃሚ ባይኖር እንኳ የፎቁ ስዊቾች የትኛውን ፖርት እንደሚዘጉ የሚወስነው እሱ ነው። ዋናውን ለቪላን 1ም ሩት ያድርጉት። በዚያው የመስመር ዋጋ አቆጣጠሩንም ያመሳክሩ። አንዱ ወገን ጊጋቢትን 4፣ ሌላው 20000 ብሎ ከቆጠረ ያልጠበቁት ፖርት ይዘጋል።

ጥያቄ፦ በሁለት የሲስኮ ስዊቾች መካከል ያለው ትራንክ (ብዙ ቪላኖችን የሚያሳልፍ መስመር) «ፒቪአይዲ ኢንኮንሲስተንት» ይላል።

የሁለቱ ጫፎች ኔቲቭ ቪላን (ያለ ታግ የሚያልፈው ቪላን) አይመሳሰልም። በአንዱ 1፣ በሌላው ለምሳሌ 99 ነው። አንድ ያድርጓቸው፤ ፖርቱ በራሱ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ኔትወርኩ በቀን ውስጥ እየመላለሰ ይከብዳል። የቶፖሎጂ ለውጥ ቁጥሩም ያለማቋረጥ ይጨምራል።

በተለመደው ስፓኒንግ ትሪ ለውጥ ሲነገር ስዊቾች የማክ አድራሻ የሚያቆዩበት ጊዜ ከ300 ሰከንድ ወደ 15 ይወርዳል። አድራሻው የጠፋበት ስዊች ፍሬሙን (የኢተርኔት የመረጃ ጥቅሉን) በሁሉም ፖርት ይበትነዋል። ክብደቱ ከዚያ ይመጣል። «ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ቪላን 1 ዲቴል» ይበሉ። የመጨረሻው ለውጥ መቼ እና በየትኛው ፖርት እንደመጣ ይነግርዎታል። በዚያ ፖርት ወደሚቀጥለው ስዊች ይሂዱ፤ እዚያም ይህንኑ ይድገሙ። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ወይ የሚቆራረጥ ኬብል ነው፣ ወይ ፖርትፋስት የሌለው የኮምፒውተር ፖርት።

ጥያቄ፦ ቪላን 1ን ስለማንጠቀምበት ስፓኒንግ ትሪውን አጥፉት ተባልን። እናጥፋው?

እባካችሁ አታጥፉት። ከላይ እንዳየነው ከሌሎች አምራቾች ስዊቾች ጋር የሚያግባባችሁ እሱ ነው። አዲስ የሚሰካ ያልተዋቀረ ስዊችም የሚገባው እዚያው ቪላን ውስጥ ነው። ተጠቃሚዎችን ወደ ሌላ ቪላን ማዛወሩ ግን ጥሩ ነው፤ ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

ጥያቄ፦ የሁሉም ስዊቾች መብራት አንድ ላይ ይርገበገባል፤ በርቀት መግባትም አልተቻለም። ከየት እንጀምር?

ሉፕ፣ ማለትም ትራፊኩ ሳያቋርጥ የሚሽከረከርበት ዙር፣ ነው የሚመስለው። የአይፒ ፓኬት ዕድሜውን የሚቆጥር ቁጥር አለው፤ የኢተርኔት ፍሬም ግን የለውም። ስለዚህ አንዴ ከዞረ የሚያቆመው የለም። የስዊቹ ማኔጅመንት አይፒ በቪላን 1 ላይ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ብሮድካስቱን (ለሁሉም የሚላከውን ትራፊክ) ሁሉ ይቀበላል፤ መግባት ያቃታችሁም ለዚህ ሊሆን ይችላል። በኮንሶል ኬብል ግቡ።

ከዋናው ስዊች ጀምራችሁ ትርፍ መስመሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። በእያንዳንዱ መካከል ጥቂት ጠብቁ፤ የትኛውን ስትነቅሉ እንደተረጋጋም ጻፉ። ሎጉ ውስጥ አንድ የማክ አድራሻ በሁለት ፖርቶች መካከል እየዘለለ ነው የሚል መልእክት ካለ ፖርቶቹን እሱ ይጠቁማችኋል። በመስመሩ ጫፍ ላይ ስፓኒንግ ትሪ የማያውቅ ትንሽ ስዊች ፈልጉ። አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፉ ተሰክቶበት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ደግሞ አንደኛው ክር ተበጥሶ እንደሆነ አረጋግጡ። ዝግ የነበረው ፖርት ቢፒዲዩ ሲቋረጥበት መንገዱ ነጻ የሆነ መስሎት ይከፈታል። ፋይበሩን ካስጠገናችሁ በኋላ በእነዚያ መስመሮች ላይ ዩዲኤልዲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ መስመርን የሚለይ) እና ሉፕ ጋርድ (ቢፒዲዩ ሲቋረጥ ዝግ ፖርት እንዳይከፈት የሚከላከል) አብሩ።