ፊልተር መሥራት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ረጅም ነው፤ ግን አንድም መስመር አልዘለልኩም። አንባቢዎች እንዲከታተሉን ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ኮምቦልቻ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ቅዳሜና እሁድ ደሴ ትወጫለሽ፤ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባለው የአጎትሽ ስቱዲዮ ታግዣለሽ። የድሮዎቹ የአናሎግ ሲንተሳይዘሮች (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች) ፊልተር፣ ማለትም ድምፅ ማጣሪያ፣ ያለው «ሙቀት» ስቱዲዮው ውስጥ በኮምፒውተር በሚሠራው ድምፅ ላይ ለምን እንደማይሰማ ሲከነክንሽ ከርሟል። አሁን ያንን ድምፅ በሶፍትዌር የሚያመጣ ፕለጊን፣ ማለትም በሙዚቃ ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ መሥራት አምሮሻል። አባትሽ ግን «ይሄ ጨዋታ ነው፤ ፋብሪካ መግባትሽን አስቢ» ይላሉ። ጥያቄዎችሽ አራት ናቸው። እንጀራ ያበላል ወይ? ወደ ሶፍትዌር ዲፓርትመንት ልቀይር? የባቲና የአምባሰል ቅኝት ፕለጊን ብሠራስ? ማክ ሳይኖረኝ ይሆናል?

አብሽሪ፤ ቀላሉን ላስቀድም። ዲፓርትመንት አትቀይሪ። ይህን ሥራ ከሚመኙት መካከል ኮድ መጻፍ የሚችለው ብዙ ነው። የሚጠፋው ሰርኪዩት አንብቦ ወደ ሒሳብ የሚቀይር ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ትራንዚስተሩን፣ ካፓሲተሩን፣ ላፕላስ ትራንስፎርሙን ተቀምጠሽ እየተማርሽ ነው። ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስን ለፈተና ብቻ ሸምድደሽ ያለፍሽው ከሆነ ደብተሩን መልሰሽ አውጪው። የሚጎድልሽ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እሱን በራስሽ ጊዜ መማር ይቻላል። የ5 ሚሊዮን ኮደርስን የፕሮግራሚንግ ኮርስ መውሰድሽ ጥሩ ነው፤ ለማሟሟቂያ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ደብዳቤሽ ላይ ኦሲሌተሩም፣ ፊልተሩም፣ ሪቨርቡም፣ ሁሉም ያለበት ሙሉ ሲንተሳይዘር አቅደሻል። ተይው። አንድ ፊልተር ብቻ ሥሪ፤ እሱን ግን እስከ ጥግ ሥሪው። የትኛውን ካልሽኝ፣ የሲንተሳይዘር ሠሪው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት ያገኘበትን ላደር (መሰላል) ፊልተር እልሻለሁ። ፓተንቱ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ሰርኪዩቱን ማጥናትና ማስመሰል ይቻላል። «ሙግ» የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክት ነው። ፕለጊንሽ ላይ እንዳትለጥፊው።

ሰርኪዩቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደራረቡ ትራንዚስተሮች ናቸው፤ በየደረጃው አንድ ካፓሲተር አለ። እያንዳንዱ ደረጃ ከከትኦፉ (ፊልተሩ መቀነስ ከሚጀምርበት ድግግሞሽ) በላይ ያለውን ድምፅ በኦክታቭ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አራቱ ሲደመሩ 24 ይሆናል። ከትኦፉ ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ድምፁን 45 ዲግሪ ያዘገየዋል፤ አራቱ 180 ዲግሪ ያደርሱታል፤ ማለትም ይገለበጣል። መጠኑም በየደረጃው በ1.41 ሲካፈል መጨረሻ ላይ ሩብ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ውጤቱን ገልብጠሽ በ4 አባዝተሽ ወደ መግቢያው ብትመልሺው፣ ፊልተሩ ምንም ሳይገባበት ራሱ ያፏጫል። የሬዞናንሱን ቁልፍ (ምን ያህል ድምፅ እንደሚመለስ የሚወስነውን) እስከ መጨረሻው ስታዞሪው የምትሰሚው ይህንን ነው። እዚህ ድረስ ያለውን በእርሳስና በወረቀት ማውጣት ካልቻልሽ ኮምፒውተሩን አትክፈቺው።

ጣጣው የሚመጣው ወደ ዲጂታል ስትቀይሪው ነው። አናሎጉ ሰርኪዩት ውስጥ የሚመለሰው ድምፅ ወዲያው ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ግን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ናሙና እየወሰደ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያሰላው። ገና ያላሰላሽውን ውጤት እንዴት ትመልሺዋለሽ? ቀላሉ መንገድ ያለፈውን ናሙና መመለስ ነው። ዝቅተኛ ከትኦፍ ላይ ማንም ልብ አይለውም። ከትኦፉን ከፍ ስታደርጊው ግን ያቺ የአንድ ናሙና መዘግየት ፉጨቱን ከቃናው ታወጣዋለች፤ ሬዞናንሱም እንደ ቦታው ይለያያል። መፍትሔው እኩልታውን በየናሙናው በትክክል መፍታት ነው፤ ዜሮ ዲሌይ ፊድባክ (ያለ መዘግየት መመለስ) ይሉታል። ቫዲም ዛቫሊሺን ስለ ቨርቹዋል አናሎግ ፊልተር አሠራር የጻፈው መጽሐፍ ይህንን ከሥሩ ጀምሮ ያስተምራል። ፒዲኤፉ በነፃ ነው የሚገኘው። የሰርኪዩት ትምህርት ስላለሽ ላንቺ አይከብድም። የስታንፎርዱ ጁሊየስ ስሚዝ የጻፋቸውንም በኢንተርኔት በነፃ ማንበብ ትችያለሽ። ለመጀመሪያው ግን የዛቫሊሺን ይበቃል፤ መጽሐፍ ስናከማች ሥራ የሠራን ይመስለናል እንጂ።

«ሙቀት» ያልሽው ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የትራንዚስተር ጥንድ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ድንገት አይቆርጠውም። በሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ቅርጽ ለስለስ አድርጎ ይጫነዋል። ያ መጫን አዳዲስ ሃርሞኒኮች (የዋናው ድምፅ ብዜት የሆኑ ድግግሞሾች) ይፈጥራል። አንቲ ሁኦቪላይነን እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ጥናት ይህን መጫን በየደረጃው ከትቶ ሲያስመስለው ድምፁ ወደ አናሎጉ በጣም ቀረበ። እኩልታው ታዲያ በቀጥታ የማይፈታ ይሆናል፤ ኒውተን ራፍሰን የሚባለው እየገመቱ ወደ መልሱ የመጠጋት ዘዴ ያስፈልግሻል። ኒዩመሪካል ሜተድስ የት ይጠቅማል ብለሽ ከነበረ እዚህ ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልሽ። በ44,100 የሚሠራ ሲስተም ከ22,050 ኸርዝ በላይ ያለን ድምፅ መያዝ አይችልም። 9,000 ኸርዝ ያለው ድምፅ ሲጫን ሦስተኛ ሃርሞኒኩ 27,000 ይሆናል። እሱ አይጠፋም፤ ታጥፎ 17,100 ላይ ይመጣል። ከዋናው ቃና ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ድምፅ ነው፤ ኤሊያሲንግ ይባላል። ብዙ ሰው «ዲጂታል ድምፅ ይሻክራል» የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ውስጡን በ2 ወይም በ4 እጥፍ ፍጥነት አስልተሽ፣ አጣርተሽ፣ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። ላፕቶፕሽ የሚያቃስተው ያኔ ነው። ጥራትንና ፕሮሰሰርን ማስታረቅ የዚህ ሙያ ግማሽ ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ላስፈራራሽ አይደለም። ቀጣሪ አይቶ የሚያምንበት ሥራ ምን እንደሚመስል እንድታዪ ነው። ቆንጆ ቁልፍ ያለው መስኮት ሁሉም ሠርቷል። አንቺ ሰርኪዩቱን በኤልቲስፓይስ ሲሙሌት አድርጊው፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። የሲሙሌሽኑን ውጤትና የፕለጊንሽን ውጤት አንድ ግራፍ ላይ ደራርቢያቸው። ከተቻለ ሰርኪዩቱን በእጅሽ ገጣጥመሽ የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ውስጥ በኦሲሎስኮፕ ለኪው። የላብራቶሪ ረዳቱን በትሕትና ከጠየቅሽው እንቢ የሚልሽ አይመስለኝም። ከዚያ ኮዱን፣ ግራፉንና አጭር የድምፅ ናሙና ጊትሀብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጪ። የት ላይ እንደማይገጥምና ለምን እንደማይገጥም ጭምር ጻፊ። እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የማነበው ያንን ክፍል ነው።

ለመሣሪያው ብዙ አትጨነቂ። ሐሳብሽን ቶሎ ለመሞከር ፋውስት የሚባለው ቋንቋ ብሮውዘር ላይ ይሠራል። ወደ እውነተኛ ፕለጊን ስትሻገሪ ብዙው ሰው ጁስ የሚባለውን የፕለጊን መሥሪያ የኮድ ስብስብ ይጠቀማል። ጁስ ኮድሽን ክፍት ካደረግሽ ነፃ ነው፤ ዘግተሽ ስትሸጪ ግን የራሱ ደንብ ስላለው ቀድመሽ አንብቢው። ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ሲንተሳይዘር ደግሞ ሙሉ ኮዱ ክፍት ነው። ፊልተሮቹ ያሉበትን ፋይል ከፍተሽ ማንበብ ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል። ከጊዜ በኋላ እዚያ ውስጥ አንዲት ስህተት አርመሽ ብትልኪና ተቀባይነት ብታገኝ፣ ሲቪሽ ላይ ከሰርቲፊኬት በላይ ትናገርልሻለች።

ወደ እንጀራው እንምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ደሴም አዲስ አበባም ውስጥ ፕለጊን በገንዘቡ የሚገዛ ስቱዲዮ ማግኘት ከባድ ነው። ክራኩ (የተሰረቀው ቅጂ) በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንቺም ብትሠሪ ያንቺው ይዞራል። ስለዚህ ገበያሽ ውጭ ነው። ውጭ ለመሸጥ ደግሞ ገንዘብ መቀበያ ያስፈልጋል፤ ስትራይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ቴሌብር የውጭውን ደንበኛ አያመጣልሽም። በዚህ ምክንያት «የራሴን ሱቅ ከፍቼ እሸጣለሁ» የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው አስቀምጪው። ቫይታልን የመሰለ ሲንተሳይዘር ማት ታይተል የሚባል አንድ ሰው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ማዳረሱ እውነት ነው። በእሱ ተስፋ አድርጎ ኪራይ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

የሚያዋጣው መንገድ ለሌላ ድርጅት መሥራት ነው። የበርሊኑ ዩ-ሂ፣ የፈረንሳዩ አርቱሪያ፣ የአምስተርዳሙ ፋብፊልተር እንዲህ ያለ የድምፅ ሶፍትዌር ይሠራሉ። ትንንሽ ድርጅቶችም አሉ። መሸጫውም፣ ደንበኛውም፣ የሚያምር ገጽታውም አላቸው፤ የሚጎድላቸው የሲግናል ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ነው። በርቀትና በኮንትራት ለመሥራት እነሱ ይሻላሉ፤ ክፍያውም በባንክ በኩል ሊላክ ይችላል። ውል ከመፈረምሽ በፊት ባንክሽ ሄደሽ የውጭ ምንዛሪ አካውንት እንዴት እንደሚከፈት ጠይቂ። ከተስማማሽ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት። የኦዲዮ ዴቨሎፐር ኮንፈረንስ ንግግሮች ዩቲዩብ ላይ በነፃ አሉ። ማን ምን እንደሚሠራ የምታውቂው ከዚያ ነው።

ያም ሆኖ ይህ በር ጠባብ ነው። ቦታው ጥቂት ነው፤ አመልካቹ ከዓለም ዙሪያ ነው። ስለዚህ አባትሽ የሚሉትን አትናቂው። ስትሪም (የትምህርት ዘርፍ) የመምረጫው ጊዜ ሲመጣ ዲፓርትመንትሽ ኮንትሮልን (የማሽን ቁጥጥርን) የሚሰጥ ከሆነ እሱን ያዢ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቁም፣ የብረቱም፣ የቢራውም ፋብሪካ የሙቀት፣ የፍጥነት፣ የግፊት መቆጣጠሪያ አለው። አንድ መቆጣጠሪያ ፊድባኩ ከልክ ሲያልፍ መወዛወዝ ይጀምራል። ያ ውዝዋዜና ያንቺ ፊልተር ፉጨት አንድ ሒሳብ ናቸው። አንዱን ያወቀ ሌላውን ያውቃል። ለአባትሽ «ፋብሪካም መግባት የሚያስችለኝን ነው የምማረው፤ ማታ ደግሞ ፊልተሬን እሠራለሁ» ብትያቸው ውሸት አይሆንም። የቴሌኮም ሥራም ቢሆን የሚፈልገው ይህንኑ የሲግናል ዕውቀት ነው።

ስለ ቅኝቱ ያነሳሽው አስደስቶኛል፤ ግን ፕለጊን አታድርጊው። ኪቦርዱ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት (የቃና ርቀት መለኪያ) ነው። ክራር ግን የሚቃኘው በጆሮ ነው። አጎትሽ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለቱ አብረው ሲመቱ የሚሰማው መጋጨት ከዚያ ይመጣል። ይህን ለመፍታት አዲስ ፕለጊን አያስፈልግም። ስካላ የሚባል የቅኝት ፋይል አለ፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። ሰርጅ ኤክስቲን ጨምሮ በርካታ ሲንተሳይዘሮች ያነቡታል። አንቺ ያለሽው ባቲና አምባሰል አጠገብ ነው። ክራርና ማሲንቆ የሚጫወቱትን አስፈቅደሽ ቅረጪ፤ እያንዳንዱ አውታር ስንት ሴንት ላይ እንዳለ ለኪ። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ይለያዩ ይሆናል። አማካይ አታውጪ። የእያንዳንዱን ለየብቻ አስቀምጪ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውንም ጻፊበት። አንድ ክረምት የማይፈጅ ሥራ ነው። በርሊን ያለ ሰው ተቀምጦ ሊሠራው አይችልም።

በነካ እጅሽ የአጎትሽን ኮምፒውተር ከክራክ አጽጂው። ሰርጅ ኤክስቲ ነፃ ነው፤ ቫይታልም ነፃ እትም አለው። ሪፐር የሚባለው የመቅረጫ ሶፍትዌር 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፤ ለትንሽ ስቱዲዮ የሚሸጠው በ60 ዶላር ነው። ነገ ሰው ያንቺን ሥራ ሲሰርቅ የምትከፊ ከሆነ ዛሬ የሰው ባትሰርቂ ይሻላል፤ ቫይረሱም ሌላ ጣጣ ነው።

ማክ ላልሽው፣ አሁን አትግዢ። ባለ 8 ጊጋ ራም ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ ላፕቶፕ ለዚህ ይበቃል። ኮድሽ ጊትሀብ ላይ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ የእነሱ የማክ ማሽኖች በነፃ ኮምፓይል ያደርጉልሻል። ፕለጊንቫል የሚባለውን ነፃ የፕለጊን መፈተሻ እዚያው ላይ አስኪጂው፤ ፕለጊኑ የሚጫንበትን ሶፍትዌር የሚያዘጋውን ስህተት ቀድሞ ይይዝልሻል። አፕል ለዴቨሎፐር በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል። እሱ የሚያስፈልግሽ ለማክ ተጠቃሚዎች በይፋ ማሠራጨት ስትጀምሪ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የአራቱን ደረጃ እኩልታ በወረቀት ሥሪ። ስትጨርሺ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው ዓምድ ስሕተት ካለው እንተያያለን።