ለአካባቢ አምራች የሚያደላ ሕግ እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ ከሌላ ክልል የታሸገ ወተት እያስመጣሁ በሐዋሳ ለሱቆችና ለካፌዎች አከፋፍላለሁ። «ገበያውን ለአካባቢው አምራች የሚከልል ደንብ ይውጣ» ሲባል እሰማለሁ። አንድ ዘመዴ ደግሞ በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ሕግ ሕገ መንግሥቱ ያግዳል አለኝ። እውነት ነው? የእኛስ ምን ይላል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ዘመድዎ የነገሩዎት በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ይሁንና ክልከላው በቀጥታ ተጽፎ አይገኝም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በግዛቶች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለኮንግረስ ይሰጣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከዚህ ተነሥቶ፣ ኮንግረስ ካልፈቀደ በቀር አንድ ግዛት የሌላውን ግዛት ነጋዴ ለይቶ መጉዳት አይችልም ሲል ተርጉሞታል።

ለእርስዎ ሥራ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1951 የተወሰነው የማዲሰን ከተማ ጉዳይ ነው። ይህች የዊስኮንሲን ከተማ፣ ከመሀል አደባባይዋ በ5 ማይል (8 ኪሎ ሜትር ገደማ) ርቀት ውስጥ ባለ ፋብሪካ ካልተዘጋጀ በቀር ማንኛውም ወተት «ፓስቸራይዝድ» (ጀርሞችን ለመግደል በሙቀት የታከመ) ተብሎ እንዳይሸጥ ደንግጋ ነበር። ከኢሊኖይ ወተት የሚያቀርብ ድርጅት ከሰሰ። ከተማዋ የነዋሪዎቿን ጤና ለመጠበቅ ነው ብትልም፣ ተቆጣጣሪዎቿን ወደ ፋብሪካው ልካ ወጪውን ከአምራቹ መቀበል እየቻለች ገበያዋን መዝጋት አያስፈልጋትም ተብሎ ደንቡ ተሻረ። ከተጠቀሰው ርቀት ውጭ ያሉ የዊስኮንሲን አምራቾችም አብረው መጎዳታቸው አድልዎውን አላስቀረውም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1986 የሜይን ግዛት ለማጥመጃነት የሚውል ሕይወት ያለው ዓሣ ከግዛቷ ውጭ እንዳይገባ የከለከለችበት ሕግ ጸንቷል፤ ከዓሣው ጋር የሚገቡትን ጥገኛ ተሕዋስያን የሚለይ አስተማማኝ የምርመራ ዘዴ አልነበረምና። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው የዚህ ስጋት ክብደት ግልጽ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መግቢያ አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ስለ መገንባት ይናገራል፤ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 1 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት ይሰጠዋል፤ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 12 ደግሞ በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመምራት ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይተዋል። በእኔ እምነት፣ ወተትን በጥራቱ ሳይሆን በመጣበት ክልል ብቻ የሚያግድ ደንብ ከእነዚህ ድንጋጌዎች ጋር ይጋጫል። ለሁሉም አምራች እኩል የሚሠራ የጥራት መስፈርት ግን ሕጋዊ ነው፤ ሊያከብሩትም ይገባል። እንዲህ ያለው ክርክር የሚቋጨው በአንቀጽ 83 መሠረት በፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ አስቀድሞ የሚመረምረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ደንቡ በእርግጥ ከወጣ የንግድ ፈቃድዎንና የወተቱን የጥራት ምርመራ ማስረጃ አያይዘው በመጀመሪያ ላወጣው አካል ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያቅርቡ።