ፊደል ለሚበላ ኪቦርድ መፍትሔው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት እሰጣለሁ። ፈጠን ብዬ ስጽፍ ኪቦርዱ ፊደል ይበላል፤ «ባሕር ዳር» ያልኩት «ባሕር ድር» ሆኖ ይወጣል። ሜካኒካል (እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች ያለው) ኪቦርድ ልግዛ ብል ሻጩ «ኤን-ኪ ሮልኦቨር (ሁሉንም ቁልፎች ባንድ ጊዜ የሚቀበል) ካልሆነ አይረባም» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሜካኒካሉን ይግዙ፤ ለኤን-ኪ ብለው ግን ብር አይጨምሩ። ለእርስዎ ሥራ የትኞቹንም ስድስት ቁልፎች ባንድ ጊዜ የሚቀበል ኪቦርድ ይበቃል።

ከቁልፎቹ ሥር መስመሮች በአግድምና በቁመት ተሻግረው ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ መገናኛ ላይ ይቀመጣል። የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች አብረው ከተጫኑ ኤሌክትሪኩ በእነሱ ዞሮ አራተኛውንም የተጫነ ያስመስለዋል። ያልነኩት ፊደል እንዳይጻፍ የኪቦርዱ ቺፕ ሦስተኛውን ቁልፍ ያግደዋል። አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ ሲጻፍ (ለምሳሌ ዲ እና ኤ «ዳ» ሲሆኑ) አንዱ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ምት ስለሚፈልግ የፈጣን ጸሐፊ ጣቶች ይደራረባሉ። አውራ ጣትዎ ስፔስ ባሩን ሳይለቅ ዲ እና ኤ ከተከተሉ፣ ሦስቱም እንዲህ ባለ መገናኛ ላይ ከዋሉ ኤ ይታገዳል፤ ዲ ብቻውን «ድ» ሆኖ ይቀራል። ሁለት ቁልፍ ብቻ ሲጫኑ ግን ይህ አይደርስም፤ ቀስ ብለው ሲጽፉ ችግሩ የማይታየው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። በየስዊቹ ሥር አንድ ዳዮድ፣ ለምሳሌ 1ኤን4148፣ ካለ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ መዞር አይችልም። ተራው የላስቲክ ኪቦርድ ዳዮድ ለማስገባት አይመችም፤ ሜካኒካሉ ግን ስዊቹ ቦርድ ላይ ስለሚቀመጥ ይመቻል። ካርቶኑ ላይ «አንቲ ጎስቲንግ» (ያልተነካ ቁልፍ የተጫነ እንዳይመስል የሚከላከል) ስላለ ብቻ አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ ለጌም የሚፈለጉ ጥቂት ቁልፎችን ብቻ ያደራጁና ይህን ይጽፉበታል።

ስድስት የሚለው ቁጥር ከዩኤስቢ የመጣ ነው። መደበኛው የኪቦርድ መልእክት 8 ባይት ነው፦ 1 ለሽፍት፣ ለኮንትሮልና ለመሰሎቻቸው፣ 1 ባዶ፣ 6 ለተራ ቁልፎች። ስለዚህ «ጠ» ለመጻፍ የሚይዙት ሽፍት ከስድስቱ አይቀነስም። ኤን-ኪ የሚያስፈልገው ለምሳሌ ሁለት ሰው በአንድ ኪቦርድ ጌም ሲጫወት ነው። አንዳንዱ የኤን-ኪ ኪቦርድ እንዲያውም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ እሺ አይልም።

ሲገዙ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ። የአማርኛ መጻፊያውን ያጥፉ፣ አለዚያ ፊደሎቹን እያዋሐደ ያሳስትዎታል። ኖትፓድ ከፍተው ሁለቱንም ሽፍት እንደያዙ ከኤ እስከ ዜድ ይጻፉ። ቀጥሎ ኪው፣ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዜድና ኤክስን አንዱንም ሳይለቁ በየተራ ይጫኑ። የመጨረሻው ፊደል ቢደጋገም ችግር የለውም፤ አንዱ ፊደል ከጎደለ ወይም ያልነኩት ከወጣ ግን ኪቦርዱን ይመልሱ። ስፔስ፣ ዲ፣ ኤ እና አርን፣ እንዲሁም በሥራዎ ቶሎ ቶሎ የሚከታተሉ ሌሎች ቁልፎችን በዚሁ መንገድ ይፈትኑ። ይህን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

«ላ» ሲሉ «ልላ» ከወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ የስዊቹ መገናኛ በአቧራ ወይም በእርጥበት ተበላሽቶ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ እየላከ ነው። ስለዚህ ስዊቹ ያለ ብየዳ ተነቅሎ የሚቀየር ዓይነት ይምረጡ፣ አራት አምስት መለዋወጫ ስዊችም አብረው ይግዙ። ጣና ዳር ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ማታ ማታ ኪቦርዱን ሸፍነው ያሳድሩ። ደንበኛ በሚቀመጥበት ክፍል ሰማያዊው ስዊች ድምፁ ይረብሻል፤ ቡናማው ይሻላል።