ከእግር ጀምር

ወንድሜ፣ «የፎም ጥሩሬን (ከስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራውን የፈረሰኛ የጦር ልብስ) ያለ ሰው መልበስ አቃተኝ፣ ደረቱን ካሰርኩ በኋላ ጎንበስ ብዬ የእግሩን ማሰር አልችልም» ላልከው፣ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ከእግር ጀምር። የድሮዎቹ የአውሮፓ ፈረሰኞች እንኳ አልባሽ እያላቸው ከታች ወደ ላይ ነበር የሚለብሱት።

መጀመሪያ ሽንት ቤት ግባ። አልቀልድም። ከዚያ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል የስፖርት ልብስ፣ ጫማ፣ የቅልጥሙ፣ የጭኑ። የጭኑ ስትራመድ ጉልበትህ ላይ ይወርዳል፣ ከወገብ ቀበቶህ ጋር በማንጠልጠያ አያይዘው።

ዋናው ጣጣ ደረትና ጀርባው ነው። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ዘለበቶቹን ጀርባ ላይ አደረግኳቸውና መስታወት ፊት ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ እንዝርት ስሽከረከር ቆየሁ፣ መጨረሻ ላይ ጎረቤት ጠራሁ፣ ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን የቀኝ ትከሻውንና የቀኝ ጎኑን በሰፊ ላስቲክ ለዘለቄታው አጣብቄዋለሁ። ቀኝ እጄን አሾልኬ ከጎን እገባና ግራ ብብቴ ስር ያለውን ቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቀውን ማሰሪያ) በቀኝ እጄ ጠቅ አድርጌ እዘጋለሁ። የትከሻዎቹን ሳትለብስ በፊት ደረቱ ላይ ግጠማቸው። ለክንዱ ዘለበት አትጠቀም፣ ውስጡን ላስቲክ አድርግለትና እንደ እጅጌ አጥልቀው።

ከዚያ የራስ ቁር። ጓንት የመጨረሻ ነው፣ የግራውን አስቀድም። ጓንት ካጠለቅክ ስልክህንም አትነካም፣ ውሃህን ከዚያ በፊት ጠጣ።

የብረት ከሆነ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ሙሉው ከ15 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፣ ለሱ ሰው ጥራ።